መብራቱ ሳይመጣ

ሱሉልታ ላይ ብርድ የሚጀምረው ከጣት ነው። ኅዳር ገብቶ ሜዳው ላይ ውርጭ መጣል ሲጀምር፣ በጠዋት ብረት የሚነካ ሰው ጣቶቹ የራሱ አይመስሉትም። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ከብረት ነው። በር፣ መስኮት፣ የግቢ መዝጊያ፣ የደረጃ መደገፊያ እሠራለሁ። አሁን የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በአንድ የታኅሣሥ ቀን፣ ከረፋዱ እስከ ምሳ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ስለነበርኩት እኔ፣ ስለዚያ በቀለ ሳስብ የማውቀው ሰው ሳይሆን የሰማሁት ሰው ይመስለኛል።

ያኔ ከጎጃሙ አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ሰፈር፣ የቆርቆሮ ቤቶች በተርታ ከቆሙበት መንደር አንዱን ተከራይቼ ነበር የምሠራው። በቀኜ በያጆች፣ በግራዬ ሶፋ የሚሠሩ ልጆች፣ ከፊት ለፊቴ ደግሞ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ሁላችንም ቀኑን ሙሉ የምንንጫጫው በመብራት ነው። ጋሽ ሰይድ ብቻ በእግራቸው የሚረግጧት ጥቁር የስፌት መኪና ነበረቻቸው። ልጆቹ "ጋሽ ሰይድ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ለምን አይገዙም?" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "መብራት የሚያምን ሰው ለደንበኛ ቀጠሮ አይስጥ።"

የወሎ ሰው ናቸው። ሱሉልታ ከገቡ ግን ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ቅዳሜ ገበያ ከሚወጣው ባላገር ጋር "አካም ነጋ" ብለው ጀምረው፣ የልጁን፣ የከብቱን፣ የገብሱን ሁሉ በኦሮምኛ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ የማያውቃቸው ሰው እዚያው ተወልደው ያደጉ ይመስለዋል። ባለቤታቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ዘሃራ ሰበታ አግብታ ትኖራለች። እኔ ጫልቱን ሳገባ የሠርጌን ሱፍ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ዘርግተው፣ "ግራው ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ብረት ስትሸከም ነው፤ እኔ እደብቅልሃለሁ" ያሉኝ ትዝ ይለኛል። እውነትም ሱፉን ስለብስ ትከሻዬ እኩል ሆነ።

ስለ ማሽኑም ልንገራችሁ። ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ብረት የሚበሳ ትልቅ ድሪል ነበረኝ። ቡራዩ ሥራውን ከሚዘጋ ሰው ላይ ነው የገዛሁት። ጉልበቱ ጥሩ ነበር፤ ማብሪያ ማጥፊያው ግን ተሰብሯል። ዕቃው እስኪገኝ ለጊዜው ብዬ ሽቦዎቹን በቀጥታ አገናኘኋቸው። ስለዚህ ድሪሉን የማስነሳው ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ያለው፣ ብረት መቁረጫው ግራይንደርም የሚሰካበት ባለብዙ ሶኬት ማከፋፈያ ላይ በመሰካት፣ የማቆመውም በመንቀል ሆነ። ለጊዜው ያልኩት ነገር ክረምት አለፈው፤ ከዚያም ለመድኩት። ሰው የተበላሸ ነገር ሲለምድ የተስተካከለ ነው የሚመስለው።

ጓንቱን ደግሞ ጫልቱ ነች የሠራችልኝ። ማታ ማታ እጄን እሳት ላይ ሳሞቅ እያየች ሳትነግረኝ ሰማያዊ የሱፍ ክር ገዝታ፣ እኔ ሥራ ስውል ሠርታ ጨረሰችው። ወፍራም ነው፤ እስከ ክንድ ይደርሳል። ስትሰጠኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ለብየዳ ጓንት፣ ለቆርቆሮ ጓንት ሲባል ነው የኖርኩት፤ ጓንት ያደረገ ሰው የተጠነቀቀ ሰው ነው ብዬ ነበር የማምነው። የሚሽከረከር ማሽን ፊት ጓንት ጠላት መሆኑን አልሰማሁም። ሰምቼም ከሆነ ከጆሮዬ አልገባም።

የዚያን ቀን አብሮኝ የሚሠራው ተመስገን ጫንጮ ከተማ በር ሊገጥም ሄዷል። ብቻዬን ነበርኩ። ለአንድ ግቢ በር ማጠፊያ የሚሆን ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ሞርሳ በሚባለው መቆንጠጫ ላይ አስሬ እየበሳሁ ነው። ወፍራም ብረት ሲበሳ የሚሽከረከረው መብሻ፣ ፑንታው ላይ የሚጠቀለል እንደ ጸጉር የረዘመ ፍቅፋቂ አለ። ማሽኑን አቁሜ በብሩሽ ማንሳት ነበረብኝ። ለማቆም ግን ዞሬ ግድግዳው ድረስ ሄጄ መንቀል አለብኝ። ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው በግራ እጄ ጠረግ አደረግኩት።

ክሩ ፑንታውን ያዘው ወይስ ፑንታው ክሩን፣ አላየሁም። ያየሁት እጄ ሳላዘው ወደ ማሽኑ ሲሄድ ነው። ጓንቱ ተጠመዘዘ፣ ጣቶቼ ተሰበሰቡ፣ አንጓዬ ዞረ። አንድ ነገር ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ፤ ሕመሙ የመጣው ከድምፁ በኋላ ነው። ማሽኑ እጄን ከዚያ በላይ መጠቅለል ሲያቅተው ፑንታውን የሚያዞረው ላይኛው ቀበቶ መንሸራተትና መጮህ ጀመረ፤ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። በቀኝ እጄ ወደ ግድግዳው ተንጠራራሁ፣ አልደረስኩም። እግሬን ዘረጋሁ፣ አልደረስኩም። ቀበቶው አንዴ ከያዘ እጄ ከአንጓው እንደሚሄድ ገብቶኛል። ጫልቱን ጠራኋት። ጫልቱ እዚያ እንደሌለች እያወቅኩ ነው የጠራኋት።

በዚያች ቅጽበት መብራት ሄደ።

ሁሉም ነገር ዝም አለ። የእኔ ማሽን፣ የበያጆቹ ጩኸት፣ ከተርታችን ጫፍ ካለው ጸጉር ቤት የሚሰማው ሙዚቃ፣ ሁሉም። በዕድሜዬ ሙሉ መብራት ሲሄድ ስራገም ነው የኖርኩት፤ መብራት ሄደ ብዬ ፈጣሪን ያመሰገንኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ግንባሬን ማሽኑ ላይ ደግፌ ትንሽ አለቀስኩ። ተረፍኩ ብዬ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ገባኝ። የሄደው መብራቱ ነው እንጂ ማሽኑ አልጠፋም። ሶኬቱ እንደተሰካ ነው። ማጥፊያ የለውም። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ካቆመበት ይቀጥላል፤ እጄ ደግሞ አሁንም እዚያው ውስጥ ነው።

ሰፈራችን መብራት አንዳንዴ ለአፍታ ሄዶ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ውሎ ያድራል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በቀኝ እጄ ፑንታውን ወደ ኋላ ለማዞር ሞከርኩ። ትንሽ ሲዞር ዓይኔ ጨለመብኝ፤ የተሰበረው ጣቴ አብሮ ነው የሚዞረው። ቀበቶውን ላውልቅ ብል ክዳኑ በብሎን ታስሯል። ስልኬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጃኬቴ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ጓንቱን በጥርሴ ለመቁረጥ ታገልኩ። ጫልቱ ጠበቅ አድርጋ ነበር የሠራችው።

ተጣራሁ። የሚመልስልኝ ሰው አልነበረም። መብራት ሲሄድ የእኛ ተርታ ባዶ እንደሚሆን ያኔ ነው ያስታወስኩት። በያጆቹም ሶፋ ሠሪዎቹም እጃቸውን አራግፈው አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ይሄዳሉ፤ መብራት ሲመጣ "መጣ!" እየተባባሉ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሰውና መብራት አብረው ነው የሚመጡት። ሰው ሲመጣልኝ ማሽኑም ይመጣብኛል።

ይህን ሳስብ ላብ አጠመቀኝ፤ በዚያ ብርድ። ጣሪያው ላይ ባለች የሚስማር ቀዳዳ የገባች የፀሐይ ጨረር ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ቀስ እያለች ወደ እኔ ስትመጣ አያታለሁ። መንገድ ላይ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ ማሽኑ የተነሳ እየመሰለኝ ሰውነቴ ይደነግጣል።

በዚህ መሀል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። የጋሽ ሰይድ መኪና ነው። እሳቸው መብራት አይጠብቁም፤ ሥራ ላይ ናቸው።

ጮህኩ። መኪናዋ ስትሮጥ አይሰሙኝም፤ ይህን የተረዳሁት ብዙ ከጮህኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ጨርቅ ለማዞር እስኪያቆሙ መጠበቅ ነበረብኝ። ሲያቆሙ እጮሃለሁ፤ ሲጀምሩ ዝም ብዬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። በአንዱ ጊዜ ጩኸቴን የሚያልፍ ከባድ መኪና ዋጠው። በሌላው ጊዜ ድምፄ አልወጣ አለ። በመጨረሻ መኪናዋ ቆማ ሳትነሳ ቀረች። የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማሁ፤ ሜትሩ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሙ።

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ቢስሚላህ ብለው ወደ እጄ ሮጡ።

"አይንኩኝ ጋሽ ሰይድ" አልኳቸው። "መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉልኝ። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ።"

ዞሩ። እኔ ግድግዳውን ማየት አልችልም፤ አንገቴ እስከዚያ አይዞርም።

"የትኛውን ነው ልጄ? ብዙ ነው።"

"ጥቁሩን። ወፍራሙን ጥቁር።"

ሲነቀል ድምፁ ተሰማኝ። "ነቀልኩት" አሉኝ። እኔም ነፍሴ መለስ አለች። እውነት ለመናገር ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር። ሰው አጠገቤ አለ፤ ማሽኑም ሞቷል ብዬ አምኛለሁ።

አጎንብሰው እጄን አዩት። ደሙ የጓንቱን ሱፍ አርሶት ጥቁር ሆኗል። ሰው ልጥራ ወይ አሉኝ፤ አይሂዱብኝ አልኳቸው። ከዚያ የተጠመዘዘውን ጓንት በጣታቸው ጫፍ ዳሰስ አድርገው፣ "ክር ከሆነማ የኔ ሥራ ነው" አሉ። ሮጠው ሄደው ትልቁን መቀሳቸውን ይዘው ተመለሱ።

ከክንዴ በኩል ጀመሩ። ሥጋዬን ላለመንካት የመቀሱን አንድ ጫፍ በግራ አውራ ጣታቸው ሸፍነው ክሩን አንድ በአንድ ነው የሚቆርጡት። ሕመሙን እንዳላስብ ያወሩኛል፤ ስለ ዘሃራ፣ ስለ ሰበታ ጭቃ፣ ሰኞ ስለሚያስረክቡት የአንድ ሙሽራ ሱፍ። በመሀል ቆም ብለው ጓንቱን እያዩ፣ "ጫልቱ ናት የሠራችው? እጇ ጥሩ ነው፤ አይተረተርም" አሉኝ። በዚያ ስቃይ ውስጥ ሆኜ በሚስቴ ኮራሁ።

አንጓዬ ነፃ ወጣ። ቀጥሎ መዳፌ። የቀሩት ፑንታው ሥር የተቋጠሩት ጥቂት ዙሮች ናቸው። ጋሽ ሰይድ ተጠግተው፣ መቀሱን ወደ ውስጥ አስገብተው፣ "ይቺ ናት የመጨረሻዋ" አሉ።

በሩ ላይ ያለው አምፖል በራ።

የጸጉር ቤቱ ሙዚቃ ከመሀሉ ጀመረ። ከሩቅ "መጣ!" ሲሉ ሰማሁ። ማሽኑም ተነሳ። የእኔን እጅ የያዘችው የመጨረሻዋ ክር መቀሱ ውስጥ ስለነበረች ተበጥሳ ወደ ኋላ ወረወረችኝ። የጋሽ ሰይድ ጣቶች ግን በመቀሱ ቀለበት ውስጥ ነበሩ፤ መቀሱን ፑንታው ይዞታል። እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። ከወደቅሁበት ተነስቼ ማከፋፈያውን ከነሽቦው ከግድግዳው ገነጠልኩት። ማሽኑ ሲቆም ጋሽ ሰይድ ተቀምጠው እጃቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ሊጠቀልሉ ሞከሩ፤ ጠቅልለው መጨረስ ግን አልቻሉም።

የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡት ኦቦ ቶሌራ በፒካፓቸው ወሰዱን። ሻይ ቤት የነበሩት ልጆች ናቸው ተሸክመው ያስገቡን። የሱሉልታው ጤና ጣቢያ ሰዎች እጃችንን በፋሻ አስረው ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ቁልቁለቱን ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ የጋሽ ሰይድ ራስ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ዝቅታውን በሱፉ የደበቁልኝ ግራ ትከሻዬ ላይ። እኔ ይቅር ይበሉኝ ለማለት ቃል እየፈለግኩ ሳለ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ነቅዬው ነበር እኮ በቀለ" አሉኝ። "እንዴት ነው ነገሩ? ነቅዬው ነበር።"

እኔም ሲነቀል ሰምቻለሁ።

ሆስፒታል ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። የእኔ ሁለት ጣት ተሰብሯል፤ ቆዳዬ ተገፏል፤ ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬ አትታጠፍም። ሌላው ድኗል። የጋሽ ሰይድ ቀኝ እጅ ግን አመልካች ጣታቸውንና መሀለኛውን አጣ። አውራ ጣታቸው ተርፎ ደረቀ። መቀስ የሚይዘው፣ መርፌ የሚጨብጠው፣ ጨርቅ የሚመራው እጅ ማለት ነው።

ቁስሌን ያሰረልኝ ሐኪም እንዴት እንደሆነ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ብዙ እንዲህ ዓይነት እጅ እንዳየ ገባኝ፤ አልተቆጣኝም። የሚሽከረከር ነገር ፊት ጓንት እንደማይደረግ፣ ባዶ እጅ ቢላጥ እንደሚላጥ፣ ጓንት ያደረገ ሰው ግን ማሽኑ ሙሉ እጁን እንደሚወስድበት ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ጫልቱ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። ቤት ከገባን በኋላ የተረፈውን ክርና መሥሪያዎቹን ከመሳቢያ አውጥታ የት እንዳደረገቻቸው አላውቅም። እኔ ነኝ ማሽን ላይ ያደረግኩት፣ አንቺ ለብርድ ነው የሠራሽው ብዬ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። ትሰማኛለች። ከዚያ ወዲህ ግን ሹራብ ሠርታ አታውቅም።

ዘሃራ ከሰበታ በዚያው ማታ ደርሳ ነበር። አባቷን አይታ ከወጣች በኋላ እኔ የተኛሁበት ክፍል መጣች። ማን እንደተሳሳተ ጠየቀችኝ፤ አባቷ "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ሌላ ሶኬት ነቅዬ መሆን አለበት" እንዳሏት ነገረችኝ። አላውቅም አልኳት። የዚያን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ያወቅኩት ሥራ ቦታዬ ስመለስ ነው። እጄ በፋሻ ተንጠልጥሎ በሩን ከፈትኩ። ማከፋፈያው ከነሽቦው ወለሉ ላይ እንደጣልኩት አለ። ድሪሉ አሁንም እላዩ ላይ ተሰክቷል። አጠገቡ የተነቀለ ሌላ ገመድ ተጋድሟል፤ ጥቁር፣ ወፍራም። የግራይንደሩ ነው።

የግራይንደሩ ገመድ ብርቱካንማ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ተልጦ አደጋ እንዳያመጣ ብዬ የቀየርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ለጥንቃቄ ነው የቀየርኩት። ሱቁ ያለው ጥቁር ብቻ ነበር፤ ጥቁር ገጠምኩለት። እጄ ማሽን ውስጥ ሆኖ ጋሽ ሰይድ የትኛውን ሲሉኝ፣ በሐሳቤ የመጣው ለዓመታት የማውቀው ግድግዳ ነው፤ ጥቁር የድሪሉ ብቻ፣ የግራይንደሩ ብርቱካን። ጥቁሩን አልኳቸው። እሳቸውም መጀመሪያ ዓይናቸው የገባውን ጥቁር ነቀሉ።

"ሁሉንም ይንቀሉ" ብል ኖሮ፤ አንድ ቃል ነው። ማከፋፈያውን እንዳለ ከግድግዳ መንቀል ደግሞ አንድ እጅ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ኋላ እኔው አንዱ እጄ ተሰብሮ ሠርቼዋለሁ።

በማግሥቱ ሰበታ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ከሆስፒታል ወጥተው ዘሃራ ቤት ነበሩ። ግራ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ እርስዎ አልሳቱም፣ ያልኩዎትን ነው ያደረጉት አልኳቸው። አዳመጡኝ፤ ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ልታጽናናኝ ነው የመጣኸው። አላህ ይስጥህ።"

አላመኑኝም። ሰው ሊያጽናናቸው የሚዋሽ መሰላቸው። እሳቸውም እኔን ላለማስጨነቅ ክርክሩን ተዉት፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጫልቱ ጠየቁኝ። ዘሃራን አየኋት፤ እሷም ያላመነችኝ መሰለኝ። አንድ ሰው እውነት ተናግሮ እንዲህ ውሸታም ሆኖ ሲመለስ ምን እንደሚሰማው ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሳላስበው ሱሉልታ መጡ። ሱቃቸውን ሊያስረክቡ ነው። ሙሽራው ሱፉን ወስዶ ሌላ ሰፊ ጋ አስጨርሶታል፤ ሌሎቹም ጨርቃቸውን አንድ በአንድ ወስደዋል። በግራ እጃቸው ሞክረው ነበር፤ ቀጥ ያለ ስፌት ይወጣላቸዋል፣ እጅጌ ላይ ግን ይበላሽባቸዋል። የተበላሸ እጅጌ አላስረክብም ብለው ተዉት። ይህን የነገሩኝ በሩ ላይ ቆመው ነው። ከዚያ፣ "እስኪ አሳየኝ" አሉኝ።

ገመዶቹን እንደነበሩ ነው ያስቀመጥኳቸው። ድሪሉን ለመሸጥም ለመጣልም አልቻልኩም፤ ሳልነካው ነበር። ጋሽ ሰይድ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አሉ። በግራ እጃቸው አንዱን ገመድ ከጫፉ ይዘው፣ እንደ ክር በጣታቸው መሀል እያሳለፉ ማሽኑ ድረስ ተከተሉት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ጨርቅ የሚመርጡ ነው የሚመስሉት። ጎን ለጎን አድርገው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጓቸው።

"አንድ ዓይነት ናቸው" አሉ።

"አንድ ዓይነት ናቸው" አልኳቸው።

ተነሱ። ትከሻዬን ያዙኝ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። "ሌሊት ሌሊት እነሳ ነበር" አሉኝ። "እጄን ሳይሆን ዓይኔን ነበር የተጠራጠርኩት።" ከዚያ ወጥተው፣ የስፌት መኪናቸውን ፒካፕ ላይ ለሚጭኑት ልጆች ከየት እንደሚይዟት አሳዩ። ፒካፑ አስፋልቱን ይዞ እስኪሄድ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ሱቋ አሁን የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆናለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት ብረት አትነኩም ይሆናል። ግን ቤታችሁ ውስጥ ግራይንደር፣ ድሪል፣ መጋዝ ወይም የሥጋ መፍጫ አይጠፋም። ማጥፊያው ተበላሽቶ ለጊዜው ያላችሁት ነገር ካለ ዛሬ አስጠግኑት። መብራት ሲሄድ እጃችሁ መጀመሪያ ወደ ሶኬቱ ይሂድ፤ ሻይ ቤቱ የትም አይሄድም። እኔ ዛሬ ማሽን ስገዛ ጉልበቱን ከመጠየቄ በፊት መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ የማይነሳ መሆኑን ነው የምጠይቀው። የሚሽከረከር ነገር ፊት ጓንት፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ እጅጌ አይቅረብ። እጃችሁን ከበረዳችሁ ወጥታችሁ አሙቁት። ለጎረቤታችሁም፣ ሙያው ባይሆንም፣ ሁሉንም የሚያጠፋው የትኛው እንደሆነ በሰላሙ ቀን አሳዩት። እኔ ጋሽ ሰይድን ለዓመታት ሰላም ስላቸው ኖሬ አንድም ቀን ያን ግድግዳ አላሳየኋቸውም። ሰው ሊያድነን ሲመጣ የሚያውቀው እኛ ያሳየነውን ብቻ ነው።

ሰበታ አሁንም እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ ከጫልቱ ጋር ነው፤ አንዳንዴ ብቻዬን። ስለዚያ ቀን አናወራም። ባለፈው ስሄድ ጋሽ ሰይድ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ዘሃራ ሻይ አመጣችልን። ሸሚዛቸው ታጥቦ ተተኩሷል። የአንገቱ አንድ ቁልፍ ግን የለም፤ ተበጥሶ ክሩ ብቻ ቀርቷል። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ጋሽ ሰይድን ቁልፍ በጎደለው ልብስ አይቻቸው አላውቅም። እኔ ማየቴን አዩ። በግራ እጃቸው አንገታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ሻይህ ቀዘቀዘ በቀለ" አሉኝ። አንገቴን አቀርቅሬ ጠጣሁ።